የሞንትሪያል ደጃፍ

ሞንትሪያልን ለመጎብኘት የሚመጣ ወገኔ ሁሉ ሻንጣውን ከማሰሩ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም ወደ ሱቅም ሆነ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ፣ የሚሻውን ከመናገሩ በፊት፣ «ቦንዡር» ብሎ እጅ መንሳት ነው። ከነዋሪው ብዙው ፈረንሳይኛንም እንግሊዝኛንም አቀላጥፎ ይናገራልና ከሰላምታው ወዲያ በእንግሊዝኛ ለሚቀጥል እንግዳ ፊቱን የሚያጠቁርበት የለም።

በዚህ ምድር ቋንቋ እንደ ርስት የሚጠበቅ ነው። በ1642 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች የቆረቆሯት፣ በ1760 ለእንግሊዝ ጦር እጅዋን የሰጠችው ይህች ከተማ፣ ከዚያ ወዲህ ባለው ረጅም ዘመን የባንኩና የፋብሪካው ጌቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲያዝዙባት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ ግን አፉን የፈታበትን ልሳን በቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ጠብቆ ቆይቶ፣ በ1977 ፈረንሳይኛን የሥራና የንግድ ልሳን ያደረገውን ሕግ አወጣ። በፈረንሳይ አገር እንኳ «ስቶፕ» ተብሎ የሚጻፍበት የመንገድ ሰሌዳ በዚህ «አሬ» የሚለው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በልቤ የገባው ግን ባለፈው ሐምሌ አጎቴ ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ በምድር ባቡር ሲሠሩ የተማሩትን ፈረንሳይኛ ስንት ዘመን ሳይናገሩት ኖረው፣ በማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ «ጋር» የሚለውን ጽሕፈት ባነበቡ ጊዜ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙና «እይ እንጂ ልጄ፣ ለገሃር እኮ ነው!» አሉኝ። በእርግጥም የእኛ ለገሃር ከፈረንሳዮች «ላ ጋር» የተወለደ ነው፤ ሹፌርና ቢሮም እንዲሁ ከዚያው ልሳን የመጡ ናቸውና፣ ወገኔ ባዶ አፉን የሚመጣ አይምሰለው።

በዣን ታሎን ገበያ እንጆሪ የምትሸጥ ወጣት፣ ጋሼ ሰላምታ ቢሰጧት፣ ከመደቡ ቀይና የበሰለውን መርጣ በመዳፏ አቀረበችላቸው፤ ነገር ግን «ቱ» ብላ በአንተታ ስላነጋገረቻቸው ቅር አላቸው። ሞንትሪያል ባለችበት በኩቤክ ክፍለ ሀገር አንተታ የቅርበት ምልክት እንጂ ንቀት እንዳይደለ ባስረዳቸው ጊዜ ተመልሰው ሌላ ሣጥን ገዙ። የእኔ ስሕተት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ እሑድ ለ«ዲኔ» ቢጠሩን፣ ዲኔ በጋሼ ፈረንሳይኛ እራት ነውና፣ አመሻሽ ላይ ለባብሰን ብንሄድ ሴትዮዋ ከቀትር ጀምሮ ማዕድ ዘርግተው ሲጠብቁን ውለዋል፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። በዚህ አገር «ዴዠኔ» ቁርስ፣ «ዲኔ» ምሳ፣ «ሱፔ» እራት ነውና የተጋበዘ ሰው ሰዓቱን በቁጥር ይጠይቅ።

በምግብ ቤት ሒሳብ ሲከፈል ደግሞ፣ በዋጋ ዝርዝር ላይ ከሚታየው ሌላ 5 በመቶ የማዕከላዊው መንግሥትና 9.975 በመቶ የኩቤክ ግብር ይታከላል፤ ለአስተናጋጅ 15 በመቶ ያህል ጉርሻ መተው ልማድ ነው። የቤት ቁጥር ከሳን ሎራን ጎዳና ተነሥቶ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ስለሚቆጠር፣ አድራሻ ሲጽፉ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚለውን አለመዘንጋት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወገኔ ሳያይ እንዳይመለስ የምለምነው፣ በሞን ሮያል ተራራ ወገብ ላይ የቆመውን የቅዱስ ዮሴፍን መካነ ጸሎት ነው። ይህ ታላቅ ደብር በ1904 እንደ ጎጆ ባለች የጸሎት ቤት የተጀመረው፣ በኮሌጅ በር ላይ 40 ዓመት ያህል በረኛ ሆነው ባገለገሉት፣ በእኛ ሥርዓት ዐጻዌ ኆኅት ልንላቸው በምንችል፣ በ2010 ቅድስናቸው በታወጀው በወንድም አንድሬ ምኞት ነው። ከ283ቱ ደረጃዎች 99ኙ የእንጨት ሆነው በጉልበታቸው ለሚወጡ ምእመናን ተለይተዋል፤ አንዲት እናት በየደረጃው እየጸለየች ስትወጣ አይተን ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛ በሌላው መንገድ ቀስ ብለን ወጥተን ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ስንደርስ፣ ጋሼ እንደ አገራቸው ሥርዓት ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ሲሉ፣ በር ላይ የቆመው ሰው ቀረብ ብሎ ምክንያቱን በትሕትና ጠየቃቸው። ሙሴ በሲና ተራራ ምን እንደ ተባለ፣ በዚያ በድሬዳዋ ፈረንሳይኛቸው ከመጀመሪያው አንሥተው ሲተርኩለት፣ እኔ ጫማቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ እሰማ ነበር።