የሆሴ ሞሊና እጅ

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2008 ማታ፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የነበረው አሮጌው የቤዝቦል ሜዳ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ የመጨረሻ ጨዋታውን አስተናገደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሜዳ የመጀመሪያውን ሆም ራን (ኳሷን ከአጥሩ ማዶ የሚያሻግር ምት) በ1923 የመታው ቤብ ሩት ነው። የመጨረሻውንስ ማን ይመታው ይሆን? ተመልካቹ ዓይኑን የያንኪስ ኮከቦች በሆኑት በዴሪክ ጂተርና በአሌክስ ሮድሪጌዝ ላይ ጥሎ ሲጠብቅ፣ በአራተኛው ኢኒንግ (ዙር) ኳሷን ከአጥሩ ማዶ የላካት የቡድኑ ተጠባባቂ ሆሴ ሞሊና ሆነ። ከእሱ በኋላ በዚያ ሜዳ ሆም ራን የመታ የለም። በቤብ ሩት የተከፈተው መዝገብ በሞሊና ተዘጋ።

ነገሩ የሚያስቀው ሞሊና የሚታወቀው ባለመምታቱ መሆኑ ላይ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን የመታው ሆም ራን በጠቅላላው 3 ብቻ ነበር፤ በ15 ዓመት የጨዋታ ዘመኑም 40 እንኳ አልሞላለትም። ያን ማታ የተሰለፈው ቋሚው ካቸር ሆርሄ ፖሳዳ ትከሻውን ታሞ ስለነበር ነው።

ካቸር ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ከ18 ሜትር ገደማ የሚወረወርለትን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች ነው። የእግር ኳስ ሰው ተጠባባቂውን ካቸር እንደ ተጠባባቂ በረኛ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ግን አይገናኙም። ተጠባባቂ በረኛ ዓመቱን ሙሉ ወንበር አሙቆ ሊወጣ ይችላል። ቤዝቦል ግን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ አለው፤ ይህን ሁሉ ቁጢጥ ብሎ የሚጨርስ ጉልበት የለም። ስለዚህ ሁለተኛው ካቸር በየሳምንቱ ተራው ይደርሰዋል። ቡድኑ ከእሱ ምት አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ወርዋሪውን እንዲመራ፣ ቤዝ የሚባለውን ማረፊያ ሊሰርቅ የሚሮጠውን እንዲያስቀርና ኳስ እንዳያመልጠው ነው። ቢመታ እሰየው፣ ባይመታም የሚቆጣው የለም።

ሞሊና ይህን ኑሮ ገና ከቤት የለመደው ይመስላል። ከፖርቶ ሪኮ የወጡት ሦስቱ የሞሊና ወንድማማቾች ሁሉም ካቸሮች ነበሩ። ታላቁ ቤንጂ በአናሃይም ኤንጅልስ ቋሚ ተሰላፊ በነበረበት ጊዜ ሆሴ የገዛ ወንድሙ ተጠባባቂ ነበር፤ የ2002ን የፍጻሜ ውድድር፣ ወርልድ ሲሪስንም፣ አብረው አሸንፈዋል። ታናሹ ያዲየር ደግሞ በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የዘመኑ ታላቅ ካቸር ለመባል በቃ። በታላቅና በታናሽ መሃል የተወለደው ሆሴ ስሙ ሲጠራ የሚከተለው ቃል ያው ነበር፤ «ወንድሙ»።

የሰውዬው ሀብት እጁ ላይ ነበር። እጁን ለማየት ግን አንዲት ኳስ መከተል ያስፈልጋል። ሆም ፕሌት የሚባለው ሰሌዳ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። መቺው ያልሞከራት ኳስ በሰሌዳው ላይ፣ ከጉልበቱ እስከ ደረቱ ባለው ከፍታ ካለፈች ስትራይክ ትባላለች። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል። ከዚህ ክልል ውጭ ያለፉ አራት ኳሶች ደግሞ መቺውን ያለ ምት ወደ መጀመሪያው ቤዝ ያሳልፉታል። ለብዙ ዘመን ዳኝነቱ የዓይን ብቻ ነበር፤ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ ጓንት እስክትገባ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጠርዝ ላይ የምትወድቅ ኳስ ስትመጣ ልምድ የሌለው ካቸር ክንዱን ይዘረጋል፣ ጓንቱ በኳሷ ፍጥነት ይገፋና ከክልሉ ይወጣል፤ ዳኛውም ያንን ያያል። ሞሊና ግን አካሉን ሳያነቃንቅ ይጠብቃታል። ጓንቱ ኳሷ ከምታርፍበት ቦታ ቀድሞ ይገኛል። ስትገባም የእጁ አንጓ ብቻ በትንሹ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይቆማል። ዳኛው ክንዱን ያነሳል፤ ስትራይክ!

ይህ ማጭበርበር ነው? ነው የሚሉ አሉ። ከሳሾቹ ግን የረሱት ነገር አለ፤ የዳኛውን ዓይን ሲያሳስት የሚውለው ሞሊና ብቻ አልነበረም። ኳስ አያያዝ የማያውቅ ካቸርም ትክክለኛዋን ስትራይክ እየጎተተ ከክልሏ ያስወጣ ነበር።

ወርዋሪዎች ይህን ቀድመው አውቀውታል። በ2009 የያንኪስ አሰልጣኝ ጆ ጂራርዲ፣ ራሱ የቀድሞ ካቸር፣ ኤ.ጄ. በርኔት በሚወረውርበት ቀን እንደ ፖሳዳ ያለ መቺ አስቀምጦ ሞሊናን ያሰልፍ ነበር፤ በወርልድ ሲሪስ ሳይቀር። ጋዜጠኞች አጉረመረሙ። በሁለተኛው ጨዋታ በርኔት ፊላደልፊያን አስጨነቀ፤ ሞሊናም ከመጀመሪያው ቤዝ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመውን የፊላደልፊያ ተጫዋች ጄይሰን ወርዝን ከተቀመጠበት ወርውሮ አስወጣው፤ ያንኪስ 3 ለ 1 አሸነፈ። በአምስተኛው ጨዋታ ያው ጥምረት ሲሰለፍ ግን በርኔት ሦስተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ ተደበደበ። ጥሩ እጅ መጥፎ ውርወራን አያድንም።

እንዲህ ያለውን ሙያ በቁጥር ማስቀመጥ ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ነበር። ለውጡ የመጣው በየስታዲየሙ የተተከሉ ካሜራዎች የእያንዳንዷን ኳስ መንገድ መመዝገብ ከጀመሩ በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 2011 ማይክ ፋስት የተባለ ተንታኝ ያንን መዝገብ አገላብጦ የካቸሮችን አያያዝ በነጥብ ተመነ። ከዝርዝሩ አናት ላይ የተገኘው ሆሴ ሞሊና ነው፤ በ120 ጨዋታ 35 ነጥብ ያህል ለቡድኑ ያድናል። በቤዝቦል ሒሳብ 10 ነጥብ አንድ ድል ያህል ይቆጠራል። ከመቶ ሙከራው ሀያ ሦስቱን ብቻ የሚያሳካ አንድ ተጠባባቂ፣ ቁጢጥ ብሎ ብቻ የኮከብ ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው! ብዙ ሰው አላመነም።

ታምፓ ቤይ ሬይስ ግን አመነ። ገንዘብ ያነሰው ቡድን ሌላው ዋጋ ያልሰጠውን ዕቃ ፈልጎ መግዛት ልማዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አስፈረመው። እናም በ2012፣ ሌላው ካቸር ጉልበቱን እያሸ ጡረታ በሚያስብበት በ37 ዓመቱ፣ ሞሊና ከመቶ በላይ ጨዋታ ተሰለፈ። ሲሮጥ ማየት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ መሬት ነጥራ የምትመጣ ኳስም ታመልጠው ነበር፤ የቡድኑ ደጋፊ በዚህ ሲነጫነጭ ከርሟል። የሬይስ ወርዋሪዎች ግን በዚያ ዓመት ከአሜሪካን ሊግ ቡድኖች ሁሉ ያነሰ ነጥብ የተቆጠረባቸው ሆኑ፤ ከእነሱ አንዱ ዴቪድ ፕራይስም የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። ሁሉን ለሞሊና እጅ መስጠት ግነት ይሆናል፤ ምንም አልሰጠም ማለት ግን ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ ሙያው ምስጢር መሆኑ ቀረ። በየክለቡ አሰልጣኞች ልጆቹን አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው፣ ጓንታቸውን ዝቅ አድርገው መቀበል አስተማሯቸው። ሁሉም ሲያውቀው በጥሩውና በመጥፎው ካቸር መካከል የነበረው ልዩነትም ጠበበ። የሞሊናን ዋጋ ያወጣው ካሜራ ሌላም ሥራ ተሰጠው። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በሴፕቴምበር 2025 ባጸደቀው ደንብ መሠረት፣ ከ2026 ጀምሮ ቡድኖች የዳኛውን የስትራይክ ፍርድ በመሣሪያ ማስመርመር ይችላሉ። በአንድ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዕድል አለው፤ ጠያቂው ትክክል ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። መጠየቅ የሚችሉት ወርዋሪው፣ መቺውና ካቸሩ ብቻ ናቸው፤ አሰልጣኙ ከወንበሩ ሆኖ ምልክት መስጠት አይፈቀድለትም።

የምርመራ ምልክቱ የራስ ቁርን ወይም ኮፍያን መታ ማድረግ ነው። መቺው ከጎን ሆኖ ያያታል፣ ወርዋሪው ከ18 ሜትር። ኳሷ በእጁ የገባችለት ግን ካቸሩ ነው። ክልሉን በትክክል የሚያውቅ ካቸር፣ ዳኛው የተሳሳተባትን ኳስ እንደያዘ ነጻ እጁን ወደ ራሱ ያነሳል።