ሩቅና ቅርብ

በግእዝ ሰዋስው ዐሥር መራሕያን አሉ። አራቱ፣ ማለት ውእቱ፣ ይእቲ፣ ውእቶሙ፣ ውእቶን፣ «ሩቅ» ይባላሉ፤ አራቱ፣ ማለት አንተ፣ አንቲ፣ አንትሙ፣ አንትን፣ «ቅርብ» ይባላሉ፤ አነና ንሕነ ግን የተናጋሪው የራሱ ናቸው። የዛሬው የአማርኛ ትምህርት ይህንኑ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ ብሎ በቍጥር ይለየዋል። ቍጥሩ ለሕፃናት ይቀላል፤ የጥንቱ አጠራር ግን ሰው በቃል ሲጠራ በምን ያህል ርቀት እንዲቆም እንደ ተደረገ ይናገራልና የበለጠ ያስተምራል።

ይህን በሕይወት ማየት የሚሻ ሰው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ዘነበወርቅ ይሂድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ድርጅት በዚያው ተቋቋመ። ሕመምተኞችም ከየአገሩ እየመጡ በዙሪያው ሰፈሩ። ያን ጊዜ ስፍራው ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ደርሶበት አልፎታል።

ቃሉ ግን እንደ ከተማው ፈጥኖ አልቀረበም። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ክፉ ተረት በሰዋስው የመረመረ ሰው ይህን ያገኛል፤ ታማሚው ሩቅ ነው፤ «ካላሉት» የሚለውም ግስ ባለቤቱን ሸሽጎ በሩቅ ብዙ ያስራል። ሰዳቢው አልታወቀም፤ ለተሰዳቢውም አልተነገረውም። አነም አንተም የሌሉበት ፍርድ ነው። አማርኛ ለአክብሮት የጨመረው «እሳቸው» እንኳ ከዚህ ስም ጋራ አይስማማም፤ «እሳቸው ቆማጣ ናቸው» ቢባል ጆሮን ይሻክረዋል።

«ሥጋ ደዌ» ለሰሚው ይለዝባል። በቤተ ክርስቲያን «ደዌ ሥጋ» ከደዌ ነፍስ ተለይቶ ማናቸውንም የሰውነት ሕመም ያጠቃልላል፤ የአማርኛው ቃል ግን ተገልብጦ ለአንድ በሽታ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ በበኩሉ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ኖርዌያዊው ሐንሰን ስላገኘው ተሕዋስ ይናገራል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በሚሰጠው የተጣመረ መድኃኒት ሕመሙ በስድስት ወር ወይም በዓመት ስለሚድን «ድኗል» ይላል። የተጎዳ ጣት ግን ተመልሶ አይበቅልምና፣ ጎረቤቱ ጣቱን አይቶ በአሮጌው ስም ይጠራዋል። ሁለቱም የሚናገሩት በሩቅ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም፣ «እነርሱ» ሲባሉ የኖሩት በገዛ አፋቸው «እኛ» አሉ።

ነገሩ ግን በእነርሱ አልተጀመረም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ዐሥሩ ለምጻሞች የቆሙት በሩቅ ነው፤ ጩኸታቸው ግን «አንተ» እና «እኛ» ያለበት ነው። ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ለማኝ «ወገኖቼ» ብሎ ይጣራል። አላፊው የሚሰጠው የሌለው ወይም የማይፈልግ እንደ ሆነ «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ለማኙ ቅርብ ሆኗል፤ ሰጪው ግን ሩቅ ነው፤ «እኔ» የሚል ቃልም የለበትም።