ነጩን ጋውን ሰቅዬ አለቃ ስሆን…

“ዶክትሬትሽን ይዘሽ ፋብሪካ ምን ልትሠሪ?” ያላለኝ ወዳጅ የለም። “ለገንዘብ ብላ ነው!” ያሉም አልጠፉም። አይ ሰው! ገንዘቡን አልጠላሁትም፤ የቤት ኪራይ እየከፈልኩ ለምን እዋሻለሁ? ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ደሞዝ አይደለም። ከምርምር ወጥቶ የሰው አለቃ መሆን ምን እንደሚመስል ነው።

እኔ የቢራ ገብስ ተመራማሪ ነበርኩ። አንድ ዝርያ ተዳቅሎ ገበሬው እጅ እስኪደርስ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል። አንድ ቁጥር ሲያጠራጥረኝ “ለከርሞ እንደገና ይዘራ” እላለሁ፤ የሚቆጣኝ የለም።

አንድ የብቅል ፋብሪካ የጥራትና የምርት ኃላፊ አድርጎ ሲቀጥረኝ ግን “ለከርሞ” የሚባል ነገር ቀረ። ብቅል ማለት ገብሱን አብቅሎ ማድረቅ ነው፤ የሞተ ገብስ ደግሞ አይበቅልም። ከ100 ፍሬ 95ቱ እንዲበቅል ይፈለጋል። ይህን ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ 3 ቀን ይወስዳል። አንድ ቀን ታዲያ ሦስት አይሱዙዎች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሩ “የቆምኩበትን ማን ይከፍለኛል?” ይላል፤ የገበሬዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ዐይን ዐይኔን ያያሉ፤ ገብስ የምንዘፈዝፍበት ጋን ባዶውን ቆሟል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አቋራጭ ምርመራ አለ። ፍሬው ለሁለት ተሰንጥቆ ቴትራዞሊየም የሚባል ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ሕይወት ያለው ፅንስ ይቀላል፤ የሞተው ሳይቀላ ይቀራል። በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል። ነገር ግን ፍሬው በሕይወት እያለ እንቅልፍ ላይ ከሆነና በቶሎ የማይበቅል ከሆነ አይነግራችሁም። በጎደለ መረጃ መወሰን ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

ምርመራውን አዘዝኩና ዕድሜያቸውን ገብስ መሀል ያሳለፉትን ፎርማን “ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመልሱ ነበር?” አልኳቸው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ከተቱና “ልጄ፣ የሦስተኛው መኪና ገብስ ግሏል” አሉኝ። እርጥብ ሆኖ ተከምሮ የጋለ ገብስ ፅንሱ ይሞታል። ምርመራውም ያንኑ አለ። ሁለቱን ለብቻቸው አስቀምጬ ተቀበልኩ፤ ሦስተኛውን መለስኩ። ሰብሳቢው በመኖ ዋጋ ሊሸጡት ነው… የተናገሩኝን ባልጽፈው ይሻላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዐይኔ አልዞረም። የመለስኩት ቁጥር ሳይሆን የሰው የዓመት ልፋት ነበራ!

የኢንቴሉ አንዲ ግሮቭም መነሻው ቤተ ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በኬሚካል ምህንድስና ዶክትሬቱን ይዞ ተመራማሪ ሆነ፤ በ1987 የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈፃሚ ለመሆን በቃ። በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ውጤት የሚለካው አብረውት በሚሠሩት ሰዎች ውጤት መሆኑን ያስረዳል። እውነቱን ነው። ድሮ ስሜ የሚነሳው በጻፍኩት ጥናት ነበር። ዛሬ የእኔ ሥራ የላቦራቶሪዋ ልጅ ቶሎ መመርመሯ፣ ጋሼም ያዩትን ሳይፈሩ መናገራቸው ነው።

እናንተ ጋውን ለባሾች፣ ለመሸጋገር ካሰባችሁ ምክሬ አጭር ነው። “አላውቅም” ማለትን ከቤተ ሙከራ ይዛችሁ ውጡ፤ አለቃ ስትሆኑም አትጣሉት። ብቻ “አላውቅም” ካላችሁ በኋላ የሚያውቀውን ጠይቁ፤ ከዚያ ወስኑ። በር ላይ የቆመ ሰው አለና!