የገበጣ ጠጠር ልክ

ወጣቶች ሆይ፥ ጨዋታን ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የሰው ጠባይ በሸንጎ ከሚታየው ይልቅ በገበጣ ላይ ፈጥኖ ይገለጣልና።

የገበጣ አጨዋወት በየአገሩ ይለያያል፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ብዙውን ዓይነት ዘርዝረው ጽፈዋል። እኛ በአዳማ የምንጫወተው በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለውን፥ በየጉድጓዱ 4፥ በጠቅላላው 48 ጠጠር የሚገባበትን ነው።

የስምጥ ሸለቆ አገር ድንጋይ አያጣም። ባልጩት ያምራል፤ ነገር ግን ስለቱ ጣት ይቆርጣል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ይፈረፈራል። ከሁሉ የሚሻለው አዋሽ እያንከባለለ ያለሰለሰው ጠጠር ነው። ከዚሁም ቢሆን በጣም ቀጭኑ ሁለት ሁለት እየሆነ ከእጅ ይወድቅና ቆጠራው ይሳሳታል፤ ጠብም ይነሣል። ወፍራሙ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ በአንድ ጉድጓድ 15 ያህል ሲከማች ግን ሞልቶ ይፈሳል። እኔ ሁሉን ሞክሬ የወደድሁት የባቄላ ውፍረት ያለውን ነው።

ይሁን እንጂ በምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤታቸው የሚያወጣቸው ገበጣ ብቻ ነበር። አንድ ሰሞን «የልጅ ጨዋታ ነው፤ ተውሁት» አሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ ቁርጥማት ጣታቸውን ስለያዘው ጠጠሩ ያመልጣቸው ነበር። ጨዋ ሰው ሕመሙን አያወራም። እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጠጠር ከወንዙ አስመጣሁ፤ ጉድጓዶቹንም በመሮ አስጠለቅሁና ገበጣውን ይዤ ከደጃቸው ተቀመጥሁ። ተጫወቱ፤ አሸነፉኝም።

በጃፓን ጎ የሚባል ጨዋታ አለ። ነጩ ጠጠር ከባሕር ዛጎል፥ ጥቁሩ ከድንጋይ ይሠራል፤ ውፍረቱም በሚሊሜትር እየተለካ ይሸጣል። በዚያ ጨዋታ አንዱ በነጩ፥ ሌላው በጥቁሩ ይጫወታል። በገበጣ ግን ጠጠር ባለቤት የለውም፤ አሁን በእኔ መዳፍ ያለው ጥቂት ቆይቶ በተጋጣሚዬ መዳፍ ይገኛል። ስለዚህ ለእጄ የሚስማማኝን ማወቄ ብቻ አይበቃም።

ያ ወፍራም ጠጠር እስከ ዛሬ ለእጄ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ጨዋታው አልተቋረጠም። እናንተም የራሳችሁን ልክ ፈልጋችሁ ዕወቁ፤ ከሌላው ጋር በጋራ የምትይዙትን ነገር ስትመርጡ ግን የደከመውን እጅ ልክ ውሰዱ። የበረታ እጅ ወፍራሙንም ማንሣት አይሳነውም።