የእራት ግማሽ ሰዓት

ፓርኪንግ ሠርታችሁ የምታውቁ ሰዎች የእኔን እራት ታውቁታላችሁ፤ አንድ ጉርሻ፣ አንድ መኪና። ገና ከመጉረሴ ክላክስ ይሰማል። እጄን በሶፍት ጠርጌ ቲኬት እቀበላለሁ፣ መልስ እቆጥራለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ። ስመለስ ፍርፍሩ ቀዝቅዟል።

እንደዚያ እየበላሁ የከረምኩት አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ነው። የገባሁት በጁላይ 2024 መጀመሪያ ሳምንት ሲሆን ክፍያው በሰዓት 14 ዶላር ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት እገባለሁ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እወጣለሁ። ሰመሩን በሳምንት ስድስት ቀን ሠራሁ፤ ትምህርት ሲጀመር ወደ አራት ቀን ዝቅ አልኩ። ምሽት ላይ ቡዙ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ሥራውን ያስገባኝ ሱፐርቫይዘራችን ነው። የአገር ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። እናቴን በማኅበር በኩል ያውቃታል። ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ስልክ ደውሎ «ነገ ጥቁር ሱሪ ለብሰህ ና» ያለኝ እሱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ ያከበደብኝ እሱ ስለሆነ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከሣጥኑ 40 ዶላር ጎደለ ተባለና ከቼኬ ላይ ተቆረጠ። ሣጥኑን የቀን ሠራተኛዋም እኔም እንጠቀምበታለን፤ ስንቀባበል ቆጥሮ ያስረከበን ሰው የለም። አልተከራከርኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በኬሚስትሪ ደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስንት ሰዓት ገባሁ፣ ሣጥኑ ውስጥ ስንት አገኘሁ፣ ስንት ሰዓት ወጣሁ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታትም ሳይረሱኝ ጨመርኳቸው። የጻፍኩት ሌባ እንዳልባል ነው እንጂ ስለ ሕግ አስቤ አልነበረም።

ኦክቶበር ላይ አንድ ማታ መኪና ሲጠፋ ደብተሩን ከደመወዝ ወረቀቴ ጋር አስተያየሁት። እኔ በሁለት ሳምንት 64 ሰዓት ሠርቻለሁ፤ ወረቀቱ 60 ይላል። ወደ ኋላ ሄድኩ። በሰመሩ 96 ሰዓት የሠራሁባቸው ሁለት ሳምንታት 90 ይላሉ። ሁሌም ልዩነቱ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። በማግስቱ የቀን ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል፤ እትዬ ነው የምላት።

«እሱ የምሳ ነው» አለችኝ።

«የምሳ ምን?»

«የምሳ ግማሽ ሰዓት። ኮምፒዩተሩ ነው የሚቆርጠው፤ የሁላችንንም ይቆርጣል።»

«እርስዎ ምሳ ይወጣሉ?»

ሳቀች። «ማን ይተካኝና?»

እዚያ ቡዝ ውስጥ አሥራ አንደኛ ዓመቷ ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ግማሽ ሰዓት አፍ መክፈት ያሳፍራል። ያውም ያስገባህን ሰው! ሰው ምን ይላል? እናቴስ በማኅበሩ ምን ፊት ይዛ ትገባለች? ይሉኝታ የሚባለው ነገር አገር ቤት ቀርቶ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሻንጣዬ ገብቶ መጥቷል። በመጨረሻ የሄድኩት በኮሌጃችን ወዳለው ነፃ የሕግ ምክር ክፍል ነው፤ እሱም የቤት ኪራይ ጥያቄ አለኝ ብዬ ነው ቀጠሮ የያዝኩት።

የተቀበለችኝ የሕግ ተማሪ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የሠራህበትን ሰዓት የመዘገብከው ነገር አለ?» ብላ ነው። ደብተሩን አወጣሁ። ግራ ተጋብታ አየችኝ። በእኛ ሰዓት ነው የጻፍኩት፤ «10 ገባሁ፣ 6 ወጣሁ» ይላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ክላስ ውስጥ አልነበርክም ወይ ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅን። ደግነቱ በየትኛውም አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ስምንት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። የፌዴራሉ የሥራ ሕግ በ1938 የወጣ ነው። ቀጣሪ የምሳ ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም፤ የቨርጂኒያ ሕግም ለአዋቂ ሠራተኛ አያስገድድም። ይህ እኔንም አስገርሞኛል። ነገር ግን ቀጣሪው የምሳ ሰዓት ብሎ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሠራተኛው በዚያ ግማሽ ሰዓት ከሥራው ሙሉ በሙሉ መለቀቅ አለበት። ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ መኪና እየጠበቀ የሚበላ ሰው እየሠራ ነው። ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን አጭር ዕረፍት ደግሞ ከተሰጠ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ስለዚህ በሰመሩ የጠፉብኝ ሦስት ሦስት ሰዓቶች በ14 ሳይሆን በ21 ዶላር ነው የሚታሰቡት። የ40 ዶላሩ ነገርም ቀላል አልነበረም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከታክስና በሕግ ከታዘዘ ነገር ውጪ ከደመወዝ ለመቁረጥ የሠራተኛው ፈቃድ በጽሑፍና በፊርማ ያስፈልጋል። እኔ ምንም አልፈረምኩም።

«ኩባንያው የኔ መዝገብ ሌላ ነው የሚለው ቢልስ?» አልኳት። ሰዓት መመዝገብ የቀጣሪው ግዴታ ነው አለችኝ። በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የሚሺጋን ሸክላ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ የወሰነውንም ነገረችኝ፤ የቀጣሪው መዝገብ ትክክል ካልሆነ ሠራተኛው ደቂቃ በደቂቃ እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም፤ ምክንያታዊ ግምት የሚያስይዝ ማስረጃ ካቀረበ ማስተባበሉ የቀጣሪው ሸክም ይሆናል። ያ በሽሮ የተነካካ ደብተሬ ድንገት ክብደት አገኘ።

አብረን ደመርን። ከሰመሩ ስምንት ሳምንት 504 ዶላር፣ ከመጸው አሥራ አምስት ሳምንት 420፤ ከ40ው ጋር 964 ዶላር። የአንድ ሴሚስተር መጽሐፍ ከነትርፉ ማለት ነው።

ወሬው በጓደኞቼ መካከል ሲሰማ ጠበቃው የሚል ስም ወጣልኝና ጥያቄ ይጎርፍልኝ ጀመር። የምሥጋና ቀን የሠራ እጥፍ አይከፈለውም ወይ? የፌዴራሉ ሕግ ለበዓልም ለሌሊትም ተጨማሪ አያዝዝም፤ የሚቆጥረው 40 ሰዓቱን ብቻ ነው። ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው አላመነኝም። እሱ አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበዓል ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ሁለት ተኩል እጥፍ እንደሚል በቃሉ ያውቀዋል። «እና አሜሪካ ያላችሁት ለምንድን ነው?» አለኝ። እዚያ ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እንደሌለ አስታወስኩት፤ ተኮራረፍን።

ዝቅተኛውን ካነሳን አይቀር፣ የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። እኔ በምሠራበት ጊዜ ቨርጂኒያ 12 ነበር፣ ሜሪላንድ 15፣ ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ 17 ከ50። አንድ ድልድይ ነው የሚለያየን። የሚታሰብላችሁ የምትሠሩበት ቦታ ሕግ እንጂ የምትኖሩበት አይደለም። ዲሲ የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ፤ ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። እንግሊዝኛቸው የሚያስፈራቸው ወላጆች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

አስተናጋጅ ጓደኞቼ ስለ ጉርሻ ጠየቁኝ፤ የቲፑን ማለቴ ነው፣ የፍርፍሩን አይደለም። ከ2018 ወዲህ የወጣው ሕግ ግልጽ ነው፤ ባለቤትም ሆነ ማናጀር ከሠራተኛ ቲፕ ላይ ድርሻ መውሰድ አይችልም። በ2 ከ13 ሳንቲም ሒሳብ የሚከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ ከቲፑ ጋር ተደምሮ ዝቅተኛው ካልሞላ የሚሞላው ቀጣሪው ነው። ጽዳት የምትሠራ አንዲት ልጅ ታክስ ሳይቆረጥ በ1099 እየተከፈላት «የራስሽ ቀጣሪ ነሽ» ተብላለች፤ ሰዓቱንም ቦታውንም ሳሙናውንም የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። በወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን አይወስንም፤ ዋናው ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው።

በኤፍ ዋን ያላችሁ ላይ ግን ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። በትምህርት ወቅት ካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። ያለ ፈቃድ ውጭ የሠራ ሰው ለሠራበት ሰዓት ደመወዙ ይገባዋል፤ የደመወዝ ሕጉ የቪዛ ዓይነት አይጠይቅም። የቪዛው አደጋ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ እንጂ እኔን አትስሙ።

ፈተና እስኪያልቅ ጠብቄ ዲሴምበር ላይ ጋሼን ቡና ልጋብዝህ አልኩት። ደብተሩን ዘርግቼ አስረዳሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ አስገብቼህ እኔኑ ልትከሰኝ ነው?»

አንተን አይደለም አልኩት፤ የሚቆርጠው ኮምፒዩተሩ ነው። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የራሱን የደመወዝ ወረቀት ከፈተ። እሱም በሰዓት ነው የሚከፈለው። እሱም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተቆርጦበታል። ሦስት ፓርኪንግ ሲያዳርስ የሚውል፣ ሳንድዊቹን መኪናው ውስጥ መሪ ላይ አስደግፎ የሚበላ ሰው ነው። ቡናውን ጨርሶ ሲነሳ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ጻፍ። ስሜን ግን አታንሳ።»

ለደመወዝ ክፍሉ ባለ አንድ ገጽ ኢሜይል ላክሁ። ቀኖቹን፣ ሰዓቶቹን፣ ድምሩን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ የሕግ ተማሪዋ ቅጽሎቹን በሙሉ ሰርዛብኛለች። ደመወዙን የጠየቀን ሰው በዚያ ምክንያት ማባረር ወይም ሰዓቱን መቀነስ ሕጉ ይከለክላል፤ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቃል የቀረበ አቤቱታም በዚህ ጥበቃ ሊሸፈን እንደሚችል ወስኗል። ይህን እያወቅሁም የሚቀጥለው ፕሮግራም ሲለጠፍ ልቤ እየመታ ነው ያየሁት። ምክንያቱም ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላሉ፤ ምክንያቱ የጠየቅከው ደመወዝ እንደሆነ ማስረዳት ደግሞ የአንተ ጣጣ ነው። አራቱ ቀኖቼ እንዳሉ ነበሩ።

ጃንዋሪ ላይ ከቼኬ ጋር 964 ዶላር ገባ፤ ከጎኑ «ማስተካከያ» የሚል ቃል አለ። ይቅርታ የሚል ቃል የለም። ቡዙ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ ምሳ ያልወጣ ሠራተኛ በዚያው ቀን ቅጽ ይሙላ ይላል። ስላለፈው አንድም ቃል አልተጻፈበትም።

ለእትዬ ነገርኳት። ስለ ደመወዝ ከሥራ ባልደረባ ጋር መነጋገር የተከለከለ ይመስላታል፤ ከ1935 ጀምሮ ሕግ የሚጠብቀው መብት እንደሆነ ብነግራትም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራኝ። «አንተ ልጅ፣ አንተ ነገ ተመርቀህ ትሄዳለህ። እኔ እንጀራዬ እዚህ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ አላነሳሁባትም።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ራሷ ደወለች። ቅዳሜ ኮሌጃችን ላይብረሪ መጣች፤ በነጠላዋ ሥር የሐበሻ ሱቅ ፌስታል ይዛለች። ውስጡ የአሥራ አንድ ዓመት የደመወዝ ወረቀት ነው፤ በላስቲክ እየታሰረ፣ በየዓመቱ ተለይቶ። እኔ በኬሚስትሪ ደብተር ስኩራራ እሷ አንዲት ወረቀት ሳትጥል ኖራለች። ለምን እንዳስቀመጠችው ጠየቅኳት። «ወረቀት ነው፤ መንግሥት ቢጠይቀኝ ብዬ» አለችኝ።

በጣም የፈራሁትን ነገር መንገር ነበረብኝ። በቨርጂኒያ ሕግ ወደ ኋላ የሚጠየቀው ሦስት ዓመት ነው። በፌዴራሉ ሁለት ነው፤ ቀጣሪው አውቆ ያደረገው ከሆነ ሦስት። ወረቀቶቹ ከ2014 ይጀምራሉ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዲስ ቼክ ሲመጣ ከዚያኛው ጫፍ አንድ አሮጌ ይወድቃል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ብንል የስምንቱ ዓመት 1,000 ሰዓት ይሆናል። ካልኩሌተሩን ወደ እሷ አዞርኩት። ቁጥሩን አየችው፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፣ እንደገና አየችው።

«እነዚህን ልጣላቸው?» አለችኝ።

«አይጣሉ» አልኳት።

የቆዩትን ስምንት እሽጎች አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሰቻቸው። የማርች 2022ን ከላይ አደረግነውና መቁጠር ጀመርን።