ሙሉ አድራሻ

ግጥሞቼን በየሌሊቱ 8 ሰዓት ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለብጥ ለኮምፒውተሬ ሰዓት ጠባቂ፣ ለክሮን፣ የሰጠሁት ስክሪፕት በእጄ ሳስነሣው ይሠራ ነበር፤ ሌሊት ግን አንዲት ስንኝ አልገለበጠም።

ለምን? እኔ ስገባ ሼሉ የግል ቅንብሬን ያነባል፤ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸውን መንገዶች፣ ያወጣሁላቸውንም ቅጽል ስም ያውቃል። ክሮን ያን ቅንብር አያነብም። የምዕራብ ሐረርጌ ሰው አሰበ ተፈሪ ቢሉት ጭሮ መሆኑን አይስትም፤ እንግዳ ግን ሁለት ከተማ ይመስለዋል።

መፍትሔው ለእንግዳ እንደሚነገር መናገር ነው፦ ቅጽል ስሙን ትቶ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ፣ «ፓዝ»ን እዚያው ክሮንታብ ላይ ማስፈር፣ የስሕተት መልእክቱም ወደ መዝገብ ፋይል እንዲገባ ማድረግ።

ሌሊት ብቻውን የሚላክ መልእክተኛ ስንቁን ይዞ ይውጣ። ግጥምም እንዲሁ፤ እኔ በሌለሁበት የሚነበብ ነውና።