የዕረፍት ወራትና የልጅ ብዕር

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ደራሲ ለመሆን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። በአስተማሪነት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ምኞት የነገሩኝ ልጆች ከምኞታቸው ቀጥሎ የሚያቀርቡት ቅሬታ ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ይኸውም «እኔ ምን አይቼ፣ ምን አውቄ ልጻፍ?» የሚል ነው። ሩቅ አገር ያልሄደ፣ ጦር ሜዳ ያልዋለ፣ ታላቅ ነገር ያልገጠመው ሰው የሚጽፈው ነገር ያለው አይመስላቸውም። ለዚህ ቅሬታ መልስ ሆኖ ያገኘሁት የአንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ የልጅነት ታሪክ ስለ ሆነ፣ እርሱን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1882 በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባትዋ ሌዝሊ ስቲቨን የታወቁ ጸሐፊ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ የተሰበሰበበትን ትልቅ መዝገብ በመጀመሪያ ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። እናትዋ ጁሊያ ይባሉ ነበር። ሁለቱም ቀደም ብለው አግብተው የትዳር ጓደኞቻቸው የሞቱባቸው ስለ ነበሩ፣ ቤቱ ከልዩ ልዩ ትዳር የተወለዱ ስምንት ልጆች የሞሉበት ነበር። ቫኔሳ፣ ቶቢ፣ ቨርጂኒያና ኤድሪያን የተባሉት አራቱ ግን የሁለቱ ልጆች ናቸው።

ከ1882 እስከ 1894 ድረስ ይህ ቤተ ሰብ በየዓመቱ፣ እነርሱ በጋ በሚሉት እኛ ግን ክረምት በምንለው ወራት፣ በባቡር ተሳፍሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በኮርንዎል አውራጃ ወዳለችው ወደ ሴንት አይቭስ ይሄድ ነበር። እዚያ የተከራዩት ቤት ታላንድ ሃውስ ይባላል። ከቤቱ ሆኖ የሚመለከት ሰው ባሕሩን፣ ከባሕሩም መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ በ1859 የተሠራውን የጎድሬቪን የመብራት ግንብ ያያል። ልብ በሉ፤ በየዓመቱ የሚሄዱት ወደዚያው ቦታ ነው። ዘንድሮ ወደዚህ፣ ለከርሞ ወደዚያ አላሉም። ዛሬ ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ልጃቸውን በአንድ ሳምንት ሦስት ከተማ ያሳዩና ፎቶግራፍ አንሥተው ይመለሳሉ፤ ልጁን ምን አየህ ብትሉት ግን የሚነግራችሁ ስለ ሆቴሉ መዋኛ ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቍጥር ወደ አያቱ አገር የሚላክ የእኛ ልጅ ከዚህኛው ይልቅ ሀብታም ነው፤ ወንዙ አምና የት ድረስ እንደ ሞላ፣ የትኛው ዛፍ እንደ ወደቀ፣ የትኛው ሽማግሌ እንደ ጎደለ ያውቃልና።

በእነዚያ ወራት የልጆቹ ሥራ ምን ነበር? ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ይጫወታሉ። ማታ በዛፍ ግንድ ላይ ጣፋጭ ነገር ቀብተው የእሳት ራት ይይዛሉ፤ ቀን ቢራቢሮ ያድናሉ። ዓሣም ያጠምዳሉ። ስለ ዓሣው ነገር ቨርጂኒያ ከብዙ ዓመት በኋላ የጻፈችው ትዝታ አለ። አባትዋ ዓሣ ሲያዝ ማየት እንደማይወዱ፣ እርስዋ ግን ከፈለገች መሄድ እንደምትችል ነገሩዋት። አልተቈጡም፤ አልከለከሉም። የልጅቱም የማጥመድ ፍቅር ከዚያ ወዲህ እየበረደ ሄደ። እኚህ አባት በሌላ በኩል ቍጡና አስቸጋሪ ሰው እንደ ነበሩ ልጆቻቸው መስክረዋል፤ በዚህ ቀን ግን ብዙ አስተማሪ በአለንጋ የማያገኘውን በአንድ ቃል አግኝተዋል።

ማታ ማታ ደግሞ ለልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነብቡላቸው ነበር። ዋልተር ስኮት የጻፋቸውን 32 ጥራዝ ታሪኮች አንብበው ሲጨርሱ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አንዱ መጽሐፍ ባለቀ ጊዜም ልጆቹን እንደ ትልቅ ሰው ቈጥረው፣ ከባለታሪኮቹ ማንን እንደ ወደዱና ስለ ምን እንደ ወደዱ ይጠይቋቸዋል። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም መብራት ከመጥፋቱ በፊት መጽሐፍ ይነበብልን ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ የምንጠየቀው የምዕራፉን ቍጥር ነው። ማንን ወደድህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም፤ ቢጠይቁኝ የምመልሰው ግን ብዙ ነበረኝ። እኚያ አባት ከዚህም በቀር ወረቀት አጥፈው በመቀስ ሲቈርጡ፣ ዝሆን ከነኩምቢው፣ አጋዘን ከነቀንዱ ይወጣ ነበር። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መቀስና ከልጅ ጋር ለመቀመጥ የሚበቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሁሉን ማመስገን ግን አይገባም። ያ ቤት አገልጋዮችና ብዙ መጻሕፍት ያሉት ቤት ነበር። ወንዶቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲላኩ፣ ቨርጂኒያና ቫኔሳ ከቤት ቀርተዋል። የአባትዋ ቤተ መጻሕፍት ቢከፈትላትም፣ ይህ ልዩነት እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ አስቈጥቶአታል፤ መቈጣትዋም ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1891 ቨርጂኒያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከወንድምዋና ከእኅትዋ ጋር ሆና በእጅ የሚጻፍ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣች። ስሙንም ከሚኖሩበት መንገድ ወስደው «የሃይድ ፓርክ ጌት ዜና» አሉት። የሚጻፍበትም ነገር ማን እንግዳ መጣ፣ ውሻው ምን አጠፋ፣ ማን ታመመ የሚል ነው። እኅትዋ ቫኔሳ እንደ ተረከችው፣ ወላጆቻቸው ራት ላይ ሳሉ ልጆቹ ጋዜጣውን እናታቸው ከሚቀመጡበት ሶፋ አጠገብ ያኖሩና፣ እናታቸው መጥተው እስኪያነሡት ድረስ በጭንቀት ይጠባበቃሉ፤ ቨርጂኒያ ትንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ጊዜ እናትየው አንብበው ሲያበቁ ነገሩ ብልህነት ያለው እንደሚመስላቸው ለባላቸው ተናገሩ። ሌላ ምንም አላሉም። ለልጅቱ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነበር።

በመስከረም 1892 የወጣው ዕትም ስለ አንድ የባሕር ጉዞ ይናገራል። ቶቢና ቨርጂኒያ ወደ መብራቱ ግንብ በጀልባ እንዲሄዱ ተጋበዙ፤ ትንሹ ኤድሪያን ግን እንዲሄድ ስላልተፈቀደለት በጣም አዘነ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከሁለት መስመር ብዙም አይበልጥም። በ1895 እናታቸው ሞቱ። ቨርጂኒያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጋዜጣው በዚያው ዓመት ቆመ፤ የሴንት አይቭሱም ቤት ተለቀቀ። አባታቸውም ካረፉ በኋላ፣ በ1905 አራቱ ወንድማማችና እኅትማማች ወደዚያች ከተማ ተመልሰው፣ በጨለማ ወደ ቀድሞው ቤታቸው ወጥተው፣ ሌሎች ሰዎች የሚኖሩበትን መስኮት በአጥሩ በኩል ተመለከቱ። በ1927 የታተመው «ወደ መብራቱ ግንብ» የተባለው ታላቅ መጽሐፍዋ የሚጀምረው ወደ ግንቡ ለመሄድ በጓጓና በተከለከለ ትንሽ ልጅ ነው። ቦታውን ስካይ ወደምትባል የስኮትላንድ ደሴት ብታዛውረውም፣ ኀዘኑ የኤድሪያን ነው። የሁለት መስመር ወሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳመሰግን አንድ ነገር ደብቄ ማለፍ አልችልም። በየካቲት 1910፣ ከዐድዋ ድል 14 ዓመት በኋላ፣ ይህችው ቨርጂኒያ ፊትዋን ጥቍር ተቀብታ ጢም ለጥፋ፣ ከጓደኞችዋ ጋር የኢትዮጵያ መሳፍንት ነን ብለው ድሬድኖት ወደ ተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወጡ። አስተርጓሚ የሆነው ያው ኤድሪያን ነበር፤ አማርኛ ነው ተብሎ የተነገረውም ከላቲን ግጥም የተቈራረጠ ቃል ነው። መኰንኖቹ በክብር ተቀብለው አስጐበኙአቸው። ቀልዱ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ላይ የተሠራ ነው ይባላል፤ ነገር ግን መሣቂያ የሆነው ልብስና ቋንቋ የእኛ ስም የተለጠፈበት ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፍዋን ዘግቼ ነበር። በኋላ ግን መልሼ ከፈትሁት፤ ሰው በአንድ ነገር ስለ በደለን በሌላው የሚያስተምረንን መጣል ጉዳቱ ለእኛው ነው ብዬ አሰብሁ። እናንተ ሌላ ፍርድ ብትሰጡ አልወቅሳችሁም።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤቴ የደረሰ ነገር ነው። የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። በዚህ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አሮጌ ደብተር ገንጥላ በመርፌና በክር እየጠረዘች በየቅዳሜው የሚወጣ ጋዜጣ ጀመረች፤ ዋጋውም ሁለት ብር ነው። ሥዕል አለው፣ እንቆቅልሽ አለው፣ የጎረቤቱ ዶሮ ስለ መጥፋቱ ምርመራ አለው። በሦስተኛው ዕትም ግን እንዲህ የሚል ዜና ወጣ፤ እናትዋ ሐሙስ ማታ ወጡን ሦስት ጊዜ አሞቀችው፣ አባትዋ ግን አልመጣም። ልጄ ይህን ባነበበ ጊዜ ደብተሩን ሊቀድደው ተነሣ። «ገበናችንን ለሰፈር ልታወጣ ነው እንዴ?» አለ፤ በማግስቱም ጋዜጣውን ትታ የክረምት ሒሳብ ትምህርት እንድትመዘገብ አዘዘ።

የልጄን ቍጣ ዋጋ የለውም አልልም። ገበና ገበና ነው፤ ከበር የሚወጣበት ምክንያት የለም። ይህንንም ለልጅቱ ነገርኋትና ጋዜጣው ከቤት ሰው በቀር ለሌላ እንዳይሸጥ ተስማማን። የእንግሊዞቹም ልጆች ጋዜጣ የቤት ጋዜጣ ነበር። ለልጄ ግን የነገርሁት ሌላ ነው። «ልጅህ ያልሆነ ነገር አልጻፈችም። አንተን አልሰደበችም፤ አልፈረደችብህም። ወጡ ስንት ጊዜ እንደ ሞቀ ቈጠረች እንጂ። ይህን የቈጠረች ዓይን ከፍ ባለች ጊዜ ምን እንደምታይ አታውቅም። ደብተሩን ብትቀድደው ማየትዋን አታቆምም፤ ለአንተ ማሳየትዋን ግን ታቆማለች» አልሁት። መልስ አልሰጠኝም። ሒሳቡንም አላስቀረም፤ ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ሐሙስ ራት ላይ ተገኝቶአል።

እኔም ከወቀሳ አላመለጥሁም። በአራተኛው ዕትም፣ አባባ ማታ መጽሐፍ አነብባለሁ ብለው መነጽራቸውን እንዳደረጉ ይተኛሉ የሚል ዜና ወጣብኝ። ዓይኔን ለማሳረፍ ብቻ እንደምጨፍን ገልጬ ለአዘጋጅዋ ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይቈረጥ በሁለተኛው ገጽ ታትሞአል፤ ከሥሩ ግን አዘጋጅዋ ትላንት ማታም ሲያንኮራፉ ተሰምተዋል የሚል ማስታወሻ ጨምራበታለች።